ተጠቃሚው ዞር ብሎ ሲመለስ አፑ የት ይጠብቀው?

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «5 ገጽ የምዝገባ ፎርም ያለው አፕ ሠራሁ። ሰዎች 3ኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ በኤስኤምኤስ የተላከላቸውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማየት ከአፑ ይወጣሉ። ሲመለሱ አንዳንዶቹን ከ1ኛው ገጽ ያስጀምራቸዋል፣ የሞሉት በሙሉ ጠፍቶ። እኔ ስልክ ላይ ግን አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ ሰው ወጥቶ ሲመለስ ሁልጊዜ የነበረበት ቦታ ነው መመለስ ያለበት ወይስ ዋናው ገጽ? ስንት ደቂቃ ካለፈ በኋላ?»

«እኔ ስልክ ላይ ሆኖ አያውቅም» ከምትለዋ ልጀምር፤ የመልሱ ግማሽ እሷ ውስጥ ነው። አንተ ስልክ ላይ የማይሆነው ስልክህ ጥሩ ስለሆነ ነው። አፕ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ሰፋ ያለ ስልክ ነው የሚይዘው። ሲሞክርም ወጣ ብሎ በ3 ሰከንድ ይመለሳል። ተጠቃሚህ ግን ሚሞሪው በጠበበ ስልክ ኤስኤምኤሱን ከፈተ፣ እግረ መንገዱን ሌላ መልእክት መለሰ፣ የተላከለትን ቪዲዮ አየ፣ ከዚያ ትዝ ሲለው ተመለሰ። በዚህ መሀል አፕህ ሞቷል።

ሞቷል ስል ክራሽ አደረገ ማለቴ አይደለም። ሰው ከአፕ ሲወጣ አፑ ወዲያው አይዘጋም፤ ሚሞሪ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሌላ አፕ ሚሞሪ ሲያስፈልገው ግን ሲስተሙ ከኋላ ከተቀመጡት መርጦ ኮሽታ ሳያሰማ ይገድላል። አንድሮይድም አይኦኤስም ይህን ያደርጋሉ፤ ሥራቸው ነው። ተጠቃሚው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በቅርብ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ውስጥ የአፕህ ምስል እንደነበረ አለ፣ የሞላው ፎርም ሳይቀር ይታየዋል። ሲነካው አንድሮይድ ፕሮሰሱን (ሚሞሪ ውስጥ የሚሠራውን አፕ ራሱን) ከዜሮ ያስነሣና የነበረበትን ስክሪን መልሶ ሊሠራለት ይሞክራል። ስክሪኑ ይመለሳል፤ አንተ በቫሪያብል፣ ማለትም ሚሞሪ ላይ ብቻ፣ ይዘኸው የነበረው ግን አይመለስም። ያን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ኮድህ ባዶ ነገር ነክቶ ክራሽ ያደርጋል፣ ወይ «ዳታ የለም» ብሎ ሰውየውን ወደ መጀመሪያው ገጽ ይሰደዋል። ያንተ ሁለተኛው ነው።

ላንተ አፑ ሞቶ ተነሥቷል። ለሱ ግን ዞር ብሎ ነው የተመለሰው። ጠረጴዛ ላይ እየጻፍክ በር ተንኳኩቶ ከፍተህ ስትመለስ ወረቀቱን ባዶ ብታገኘው ምን ትላለህ? እሱም እሱን ነው የሚለው። ራም ሞልቶ ነው ብትለው አይገባውም፤ ሊገባውም አይገባም።

«ቪውሞዴል እጠቀማለሁ እኮ» ትለኝ ይሆናል፤ የስክሪኑን ዳታ የሚይዘውን የአንድሮይድ መሣሪያ ማለትህ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቪውሞዴል የሚያድንህ ስልኩ ሲዞር ነው፤ ስክሪኑ ከቁም ወደ አግድም ሄዶ አክቲቪቲው (አንድሮይድ ስክሪኑን የሚይዝበት የአፑ ክፍል) ፈርሶ ሲሠራ ማለት ነው። ፕሮሰሱ ሲገደል አብሮ ይሞታል። ለዚህኛው የሚያስፈልግህ «ሴቭድ ስቴት ሃንድል» ነው፣ ወይም ከድሮም የነበረው «ኦን ሴቭ ኢንስታንስ ስቴት»። እዚያ ያስቀመጥከውን ሲስተሙ ከአፕህ ፕሮሰስ ውጭ ስለሚይዝልህ አፑ ቢገደልም ይተርፋል። ግን እንደ ኪስ አስበው እንጂ እንደ መጋዘን አታስበው። የሚያልፍበት መንገድ 1 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፣ እሱንም አፕህ በዚያው ቅጽበት ከሲስተሙ ጋር ከሚያደርገው ሌላ ልውውጥ ሁሉ ጋር ይጋራዋል። ፎቶ ወይም ረጅም ዝርዝር ብትከትበት ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ አፑ ክራሽ ያደርጋል፤ ያውም ሰውየው ሲወጣ ስለሆነ አንተ ስክሪኑ ላይ ስታፈጥ ምንም አታይም። ስለዚህ እዚያ የሚገባው የገጹ ቁጥር፣ የረቂቁ (ያልተጠናቀቀው ፎርም) መለያ፣ የተመረጠው ሳጥን፣ እንዲህ ያለ ትንንሽ ነገር ነው። ሰውየው ለፍቶ የጻፈው ስልኩ ላይ ያለ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ።

አይፎን ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ሲስተሙ ስክሪንህን መልሶ አይሠራልህም፤ የት እንደነበረ ራስህ አስቀምጠህ ራስህ ትመልሰዋለህ። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ግን አለ፤ ከአይኦኤስ 13 ወዲህ በየሲኑ (በየአፑ መስኮት) «ዩዘር አክቲቪቲ»፣ ማለትም ሰውየው የት እንደነበረ የሚገልጽ ማስታወሻ፣ ማስረከብ ትችላለህ። በተረፈ ሐሳቡ ያው ነው።

መቼ ይቀመጥ? «ሲወጣ» አትበል። አፕ ሲዘጋ የሚነግርህ አስተማማኝ ነገር የለም። አንድሮይድ ላይ ስክሪን ሲፈርስ የሚጠራው «ኦን ዴስትሮይ» ሳይጠራ ፕሮሰሱ ሊገደል ይችላል። አይፎን ላይም አፑ ከኋላ ተኝቶ ሳለ ከተገደለ «ልትዘጋ ነው» የሚል መልእክት አይደርሰውም። ወደ ኋላ ሲሄድ የሚሰጥህ ጊዜ 5 ሰከንድ ያህል ነው፤ ተጨማሪ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን ልመና ላይ የቆመ አሠራር አልወድም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ ጣቱ ከኪቦርዱ ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲያርፍ ይቀመጣል፣ ገጽ ሲቀየር ይቀመጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ለጥንቃቄ አንዴ። ረቂቅ ላይ «አስቀምጥ» የሚል ቁልፍ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2010፣ አይኦኤስ 4 እስኪመጣ ድረስ፣ አንተና እኔ የምንሠራውን ዓይነት አፕ ከፍተህ የሆም ቁልፉን ስትጫን አፑ በቃ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ሁኔታን ማስቀመጥ ግዴታ ነበር፣ ያላስቀመጠ ወዲያው ይጋለጣል። ከኋላ ሆኖ መቆየት ሲፈቀድ ሰነፍን። አሁን ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ ማንም አያየውም፤ የሚያየው ደካማ ስልክ የያዘው ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ቅሬታ ከመጻፍ አፑን ማጥፋት ይቀለዋል።

ይህን የምልህ ራሴ ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ጊዜ ለመስክ ሠራተኞች አፕ ሠርተን ነበር። ፎርም ይሞላሉ፣ መጨረሻ ላይ ፎቶ ያነሣሉ። ለፎቶው የስልኩን ካሜራ እንከፍታለን። ካሜራ ደግሞ ሚሞሪ ይበላል። ደካማ ስልኮች ላይ ካሜራው ሲከፈት የኛ አፕ ይገደላል፤ ሰውየው አንሥቶ «እሺ» ሲል ፎቶው ይመጣል፣ የሚቀበለው ፎርም ግን ባዶ ነው። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን 2 ሳምንት ሙሉ «ተሳስተው ሌላ ቁልፍ ነክተው ነው» ስንል ነበር። እነሱ ለካ የራሳቸውን መላ አግኝተዋል፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ አፑ ሲያጠፋባቸው ከወረቀቱ መልሰው ይገለብጣሉ። አፑ የተሠራው ወረቀት ለማስቀረት ነበር።

እንግዲህ አንተም ሞክረህ እየው። የዴቨሎፐር ምርጫዎች ውስጥ ያለው «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» ይጠቅማል ግን አይበቃም። እሱ የሚያፈርሰው አክቲቪቲውን ነው፤ ፕሮሰሱ ስለማይሞት በሲንግልተን (ለመላው አፕ አንድ ብቻ ሆኖ ሚሞሪ ላይ በሚኖር ነገር) የያዝከው ሁሉ በሕይወት ይቆያል፣ አንተም «ይሠራል» ብለህ ትተኛለህ። እውነተኛው ሙከራ ይህ ነው፦ እስከ 3ኛው ገጽ ሙላ፣ የሆም ቁልፉን ተጫን፣ ከኮምፒውተርህ በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያዝ መሣሪያ) «ኤኤም ኪል» የሚለውን ትእዛዝ ከአፑ ፓኬጅ ስም ጋር ላክ፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ተመለስ። ያኔ ተጠቃሚህ ያየውን ታያለህ። አፑን ከዝርዝሩ ጠርጎ ማውጣት ግን ሙከራ አይሆንህም። እሱ ተጠቃሚው «በቃኝ» ያለበት ምልክት ስለሆነ ሲስተሙ የያዘልህን ሁኔታ ይጥለዋል። ዳታቤዝ ውስጥ የጻፍከው ረቂቅ ግን አለ። አይፎን ከሆነ ከኤክስኮድ (ከአፕል የአፕ መሥሪያ ፕሮግራም) አስነሥተህ አፑን ወደ ኋላ ላከው፣ ከዚያ ኤክስኮድ ላይ «ስቶፕ» ብለህ እንደገና ክፈተው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፤ የት ይመለስ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ?

ቁጥር አልሰጥህም። ደቂቃ መቁጠር ስንፍና ነው፤ 10 ደቂቃ ካለፈ ወደ ዋናው ገጽ የሚል መመሪያ የሚያወጣ ሰው ተጠቃሚው ለምን እንደወጣ ማሰብ ስላልፈለገ ነው። መጠየቅ ያለበት «ለምን ወጣ?» ነው። ቁጥሩን አምጣ ብለህ ወደ ኤስኤምኤስ የላክኸው አንተ ነህ። ኢሜይልህን አረጋግጥ ብለህ፣ ፎቶ አንሣ ብለህ፣ ክፍያውን ብሮውዘር ላይ ጨርስ ብለህ የላክኸው አንተ ነህ። አንተ የላክኸው ሰው 1 ደቂቃም ይቆይ 1 ሰዓት፣ የሚመለሰው በትክክል የነበረበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሳይፈልግ የተቋረጠ ሰው ደግሞ አለ። ስልክ ተደወለለት፣ ከላይ የሚወርደውን የኖቲፊኬሽን መጋረጃ ጎተተ። ይሄ መውጣት እንኳ አይደለም። ብዙ ጊዜ አይፎን ላይ አፑ «ኢንአክቲቭ» ይሆናል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ አንድሮይድ ላይም ወይ ምንም አይነካህም ወይ «ኦን ፖዝ» (ለአፍታ ቆም የማለት ደረጃ) ጋ ይቆማል። በዚህች ቅጽበት መቆለፊያ ገጽ የሚያመጡ፣ ገጹን ከሰርቨር እንደ አዲስ የሚጠሩ አፖች አሉ፤ ያናድዳሉ። ጌም ከሆነ አቁመው፣ ሲመለስም ራስህ አታስጀምረው፤ እሱ ሲነካ ይጀምር። ለቀረው ዝም በል።

ሥራውን ጨርሶ የወጣ ሰው ሌላ ነው። «ምዝገባው ተጠናቋል» የሚለውን አይቶ ወጥቶ ማታ ሲከፍት ያንኑ ገጽ ማየት ምን ያደርግለታል? ዋናው ገጽ ይሁን። ሳይጨርስ የወጣና በማግስቱ የመጣውስ? ይኸኛው ላይ ሰው ይከራከራል። የኔ ሐሳብ፦ ድንገት 3ኛው ገጽ መሀል አትጣለው፤ ምን እየሠራ እንደነበር ረስቶት ይሆናል። ዋናው ገጽ ላይ «ያልተጠናቀቀ ምዝገባ አለ» ብለህ አሳየው፣ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደቆመ ጨምርለት፣ መቀጠልም ማጥፋትም እሱ ይምረጥ። ራስህ አታጥፋበት።

ቦታው ሊቀየር ይችላል፣ ሰውየው የጻፈው ግን አይነካም። ከሰርቨር ያመጣኸው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሊያረጅ ስለሚችል መታደስ አለበት። ግን አስተዳደሱ ላይ ብዙ አፕ ያበላሻል። ሰውየው የሆነ ጽሑፍ ግማሽ ላይ ቆሞ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ማንበብ ጀመረ፣ በ2ኛው ሰከንድ ዝርዝሩ ይታደስና ያነበው የነበረው ጽሑፍ ብን ብሎ ይጠፋል። በኋላ ፈልጎም አያገኘውም። የነበረውን አሳየው፣ አዲስ ካለ ከላይ ትንሽ ምልክት አድርግ፣ ሲፈልግ ይንካው። የአየር ሁኔታ ወይም የምንዛሪ ተመን የሚያሳይ ከሆነ ግን የቆየ ቁጥር ያሳስታልና መቼ የመጣ ቁጥር እንደሆነ ጻፍ፤ ወዲያውም አድስ።

አሁን ያንተኑ 3ኛ ገጽ እንየው፤ እዚያ ያለው ቁጥር የራሱ ዕድሜ አለው። ቁጥሩ ሲያልፍበት ፎርሙ አብሮ ማለፍ የለበትም። «ጊዜው አልፏል፣ እንደገና ይጀምሩ» የሚሉ አሉ፤ ስሙንና አድራሻውን መሰረዝ ምን አመጣው? አዲስ ቁጥር ላክለት፣ አለቀ። ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት ካለህ ደግሞ የቀረውን ሰከንድ ሳይሆን የሚያልቅበትን ሰዓት አስቀምጥ። አፑ ከኋላ ሲተኛ ቆጣሪህ አብሮ ይተኛል፤ ሰውየው ከ4 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ «1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ቀረዎት» ይባላል፣ ሰርቨሩ ግን ቁጥሩን ከጣለው ቆይቷል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰውየው ባይወጣ ነው። አይፎን ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ቁጥሩን ከመልእክቱ አንብቦ ከኪቦርዱ በላይ ያቀርባል፤ ሳጥኑን የማረጋገጫ ቁጥር መቀበያ ነው ብለህ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። አንድሮይድ ላይ «ኤስኤምኤስ ሪትሪቨር» አለ፤ መልእክቱን በሚፈልገው መልክ ከላክኸው የኤስኤምኤስ ፈቃድ ሳትጠይቅ ቁጥሩ ይደርስሃል። ቢያንስ ቢያንስ ሳጥኑ ፔስት ይቀበል። 6 ትንንሽ ሳጥን ደርድሮ ፔስት የሚከለክል ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

«ለደኅንነት ሲባል ነው የማጠፋው» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። ገንዘብ ወይም የጤና መረጃ ያለበት አፕ ሲወጣ መቆለፉ ልክ ነው። ግን መቆለፍና መሰረዝ ይለያያሉ። በሩን ቆልፍ፣ ቤቱን አታፍርስ። አሻራውን ወይም ፒኑን ሲያስገባ የነበረበት ገጽ ላይ ይገኝ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ደብሊውሲኤጂም ይህን ያነሣዋል፦ ሰው እንደገና ሎግኢን ሲያደርግ የሠራው ሳይጠፋ እንዲቀጥል ይጠይቃል፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ መስፈርት ቢሆንም። ከዚያ ዝቅ ያለው ደግሞ፣ ጊዜ የምትገድብ ከሆነና ገደቡን ማጥፋት ወይም ማስተካከል የማይቻል ከሆነ፣ ከማለቁ በፊት አስጠንቅቅ፣ በቀላል ንክኪ ለማራዘምም ቢያንስ 20 ሰከንድ ስጥ ይላል። ቀስ ብሎ የሚያነብ፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ።

ደኅንነት ካልክ የሚረሳው ሌላ ነገር ነው። አፑ ወደ ኋላ ሲሄድ ሲስተሙ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሚታየው እሱ ነው። የሒሳብ ቀሪው እዚያ ተገትሮ ሊቆይ ይችላል። አይፎን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሸፍነው፤ አንድሮይድ ላይ «ፍላግ ሴኪዩር» ይሸፍንልሃል። የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥርን ደግሞ ረቂቅ ውስጥ አታስቀምጥ፤ «የጻፈው አይነካም» ያልኩት እነሱን አይጨምርም።

ፎርምህ መጨረሻ ላይ ክፍያ ካለው ይህን ሳትሠራ እንዳታወጣው። ሰውየው «ክፈል» ብሎ ወዲያው ወጣ፣ አፑ ተገደለ፣ ተመለሰ። ከፍሏል ወይስ አልከፈለም? አፑ አያውቅም። ሳያውቅ ጥያቄውን ደግሞ ከላከ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። ከመላክህ በፊት ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን መለያ ፍጠርና አስቀምጥ። ሲመለስ በመለያው ሰርቨሩን ጠይቅ። ሰርቨሩም በአንድ መለያ ሁለቴ የመጣን እንደ አንድ ይቁጠር። እስኪታወቅ ድረስ «እያጣራን ነው» በለው፤ «አልተሳካም» ብለህ አትቸኩል።

ኖቲፊኬሽን ነክቶ የገባ ሰው የሚፈልገው የነካውን ነገር ነው፣ እሱን አሳየው። ረቂቁ ግን በነበረበት ይቆየው።

ፍጥነት ላይም አንድ ነገር ልበል። ጉግል ለአንድሮይድ አፖች ያወጣው መለኪያ ከዜሮ ሲነሣ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ የወሰደን አፕ ዘገምተኛ ይለዋል፣ ሚሞሪ ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ሲከፈት ደግሞ 1.5 ሰከንድ። ልብ በል፣ ይህ «በጣም ዘገየ» የሚባልበት ጣሪያ ነው፣ ግብ አይደለም። ሎጎህን በተመለሰ ቁጥር 3 ሰከንድ ማሳየት፣ «እንኳን ደህና ተመለሱ» ማለት፣ ኮከብ ስጡን ብሎ መለመን፣ እነዚህን ሁሉ ተዋቸው። ሰውየው እጁ ላይ ቁጥር ይዞ ነው የመጣው፣ ደቂቃ ካለፈ ይረሳዋል።

አሁን አድርግ የምልህ፦ መጀመሪያ የፎርሙን ዳታ ዳታቤዝ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ የገጹን ቁጥርና የረቂቁን መለያ በሴቭድ ስቴት ሃንድል ያዝ፣ ከዚያ በ«ኤኤም ኪል» ሞክር። ያንን አድርገህ አሁንም 1ኛው ገጽ ላይ ከጣለህ የመግቢያ አክቲቪቲህን ክፈትና እየው። ብዙ አፕ ላይ «ሎግኢን አድርጓል ወይ?» ብሎ የሚያጣራ ኮድ እዚያ አለ፣ መልሱን ደግሞ ከሚሞሪ ነው የሚያነበው። ፕሮሰሱ አዲስ ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ «አላደረገም» ይሆናል፤ ሲስተሙ በትክክል የመለሰውን ስክሪን አፍርሶ ከመጀመሪያ የሚያስጀምርህ ራሱ ያ ኮድ ነው። ሎግኢኑን ከተቀመጠበት ቦታ እንዲያነብ አድርገውና እንደገና ሞክር፤ ካልሠራ ኮዱን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።